አምስተኛው መስኮት

ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ፣ አበጋዝ ይመር የደም ግፊት ኪኒኑን ገዝቶ ከመድኃኒት ቤት ሲወጣ አንድ ሰው አስፋልቱን አቋርጦ መጣና አቀፈው። ትከሻውን በቀኝም በግራም ሳመው። ሰውየው ሙሔ ሰይድ ነበር።

ይህ የሆነው በ2069 ዓመተ ምሕረት፣ በሰኔ ወር፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ነው። አበጋዝና ሙሔ ከተኳረፉ በዚያ ወር አሥራ ስምንት ዓመት ሞላቸው። አንዱ በሚሄድበት መንገድ ሌላው አይሄድም። ለቅሶ ቤት ሲገጣጠሙ አንዱ ሲገባ ሌላው ጫማውን ፈልጎ ይወጣል። ከተማው ይህን ስለለመደው ድግስ የሚደግስ ሰው አንዱን ለምሳ፣ ሌላውን ለእራት ይጠራ ነበር።

«አላህ ያክብርህ» አለ ሙሔ፣ እንባ ባቀረረ ዓይን እያየው። «እንዲህ ያለ ልብ እንዳለህ ሳላውቅ ልሞት ነበር። ሠርጉ ክረምቱ ሳይከብድ ይሁን ያልከውንም እኛ ቤት ሁሉም ወዶታል።»

ሰው ሲያቅፉት እጁ የሚሠራውን ራሱ ያውቃል። የአበጋዝ እጅ ሄዶ የሙሔን ጀርባ መታ መታ አደረገ። አፉ ግን ምንም አላለም። ሙሔ ዝምታውን ደስታ ነው ብሎ ወሰደው፤ ደግሞ ሳመውና ሄደ።

ምን ሠርግ? አበጋዝ ያለችው አንዲት ልጅ ናት። ሉባባ ትባላለች፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ባቡር ጣቢያ የጭነት ተቆጣጣሪ ሆና ትሠራለች። ስለ ሠርግ የነገረችው ነገር የለም። ቤቱ እስኪደርስ ሦስት ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» አለው። ለሦስቱም «አብሮ ደስ ይበለን» ብሎ አለፈ።

አበጋዝ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሥራው ሽምግልና ነው። ሽምግልና ቢሮና ፈቃድ ያለው ሥራ ከሆነ ቆይቷል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከመኝታ ቤቱ ቀጥላ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ይገባና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮምፒውተር ከፍቶ «እንደራሴ» የሚባለውን ፕሮግራም ይጫናል። አንዴ ሲጫነው በመልኩ፣ በድምፁና በትዝታው ልክ እሱን የመሰለ አንድ አበጋዝ በመስኮት ይከፈታል። ደግሞ ሲጫነው ሌላ። ሕጉ ለአንድ ሽማግሌ እስከ ሰባት መስኮት ይፈቅዳል፤ አበጋዝም ሰባቱንም ይከፍታል። አንዱ የተጣሉ ባልና ሚስት ቤት ይሄዳል፤ አንዱ ድንበር የተጋፉ ጎረቤታሞች ዘንድ ይውላል፤ አንዱ በወንድማማቾች መሐል ይቀመጣል። ሰባተኛው የቤት ነው። ሌሎቹ ጉዳያቸው ሲያልቅ ይዘጋሉ፤ እሱ ግን አይዘጋም። ሳሎን ግድግዳው ላይ ሆኖ እንግዳ ያስተናግዳል፣ ስልክ ይመልሳል፣ ሚስቱ ዘይነባ የምትጠይቀውን ይነግራታል።

አበጋዝ ራሱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ከመስኮት መስኮት እየተዘዋወረ ያያቸዋል። ሁሉንም ማየት አይችልም፤ ሰባት ሰው ሆኖ መዋል ቀላል ነው፤ ሰባት ሰው ማየት ግን ከባድ ነው። መስኮቶቹ አንዱ የሌላውን ነገር አያውቁም፤ የባለጉዳይ ምስጢር ነውና። አሥር ሰዓት ሲሆን ሰባት አጫጭር ማጠቃለያዎች ይመጡለታል። ከእያንዳንዱ ሥር «ተቀብያለሁ» የሚል አለ። አውራ ጣቱን ሰባት ጊዜ ያሳርፍና እግሩን ሊያፍታታ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሲያደርግ ግራ የገባው ቀን አልነበረም።

ዘይነባ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር።

«ሙሔ አቀፈኝ» አላት።

«ደግ አደረገ።»

«ምን ሠርግ ነው የሚለው?»

ቀና ብላ አየችው። «ትቀልዳለህ?»

«ዘይነባ፣ ምን ሠርግ ነው?»

ትሪውን መሬት አስቀምጣ እጇን አራገፈች። ለታመመ ሰው እንደሚነገር ቀስ ብላ ነገረችው። ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ሉባባን ለሙሔ ልጅ ለኑርዬ ለመጠየቅ ነበር። ሁለቱ የሙሔ ዘመዶች ናቸው፤ በእግራቸው ነው የመጡት። ሦስተኛው፣ ተናጋሪው፣ በእጅ በሚያዝ የኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ የሚታይ ነበር። አንደኛው ዘመድ ሰሌዳውን ጭኑ ላይ አቁሞ ይዞታል።

«ተናጋሪው ማን ነበር?»

«አንተ ነሃ» አለችው። «የሽምግልና ማዕከሉን የተሻለ ሽማግሌ ስጡን ሲሉ አንተን መደቡላቸው።»

«የተቀበላቸውስ?»

«አንተ። ግድግዳው ላይ።»

አበጋዝ በተከፈተው በር ወደ ሳሎን አየ። ሰባተኛው አበጋዝ ስልክ ያናግር ነበር። ራሱን እየነቀነቀ «እሺ፣ እሺ የኔ ጌታ» ይላል።

«እኔስ የት ነበርኩ?»

«እዛው ክፍልህ። ምሳህን አስገብቼልህ ሳህኑን ባዶ ነው የመለስከው። ሻይ ሳቀርብላቸው ድምፅህን በሁለት ወገን እሰማ ነበር። አንዱ ይለምናል፣ አንዱ እንቢ ይላል። ከዚያ ሁላችንንም ለአፍታ ውጡልን አላችሁን። ስንመለስ የግድግዳው ያለቅስ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ እንዲህ ብለህ ተናግረህ አታውቅማ።»

«ይኸው አምስት ቀን ሙሉ አንድ ቃል ሳትነግሪኝ?»

«አምስት ቀን ሙሉ ስለ ሠርጉ ስናወራ ሰነበትን'ኮ። ከግድግዳው ጋር። አንተ ሥራ ላይ ነበርክ።»

«ምን ብዬ ነው ያለቀስኩት?»

ዘይነባ ትሪዋን መልሳ ጭኗ ላይ አደረገች። «ስለ ሙሔ አባት» አለች። «ተሳስቼ ነበር አልክ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሙሔ አባት ሰይድ ሲሞት ሙሔና ወንድሙ እብሬ በአባታቸው ግቢ ተጣሉ። ዋናው ሽማግሌ አበጋዝ ነበር። ሟቹ በመጨረሻው ሰዓት አልጋው አጠገብ ያስቀመጠው እሱን ብቻ ስለሆነ ኑዛዜውን ተናገር ተባለ። አበጋዝም በመንገዱ በኩል ያለው ለእብሬ ነው ብሎ መሰከረ። ለሙሔ ጓሮው ደረሰው። ሙሔ ሰው በተሰበሰበበት ተነሥቶ «ይህ ሰውዬ ሽማግሌ አይደለም፤ ሽበት ብቻ ነው» አለ። አበጋዝም የሙሔን ደጃፍ ላይረግጥ ማለ።

ጠባቧ ክፍል ገብቶ የሐሙሱን ማጠቃለያ ፈለገ። የአምስተኛው መስኮት እንዲህ ይላል፦ «አንድ የጋብቻ ጥያቄ፤ በስምምነት ተጠናቋል፤ የባለጉዳዮች ስም በምስጢር ተይዟል።» የሰባተኛው ደግሞ፦ «ቤት እንግዳ መጥቶ ነበር፤ ተገቢው መልስ ተሰጥቷል።» ከሁለቱም ሥር የአውራ ጣቱ ምልክት አለ። አሥር ሰዓት ከሦስት ደቂቃ።

ሳሎን ወጥቶ ግድግዳው ፊት ቆመ። ሰባተኛው ስልኩን ጨርሶ ነበር።

«ልጄን ሰጠህ?» አለው።

«ሰጠን» አለ ሰባተኛው።

«ለሙሔ ልጅ።»

«ለኑርዬ። ጥሩ ልጅ ነው። አራት ዓመት ተዋውቀዋል።»

«እኔ'ኮ እሺ አላልኩም።»

ሰባተኛው ትክ ብሎ አየው። አበጋዝ ያን አስተያየት ያውቀዋል፤ ባለጉዳይ ሲዋሽ እሱ ራሱ የሚያየው ነው።

«ሽማግሌው ምን ብሎ ነው ያሳመነህ?»

«አንድ ሰዓት ተኩል አወራን። በመጨረሻ፣ የምትሸሸው ሙሔን አይደለም፤ የሙሔን አባት ነው አለኝ። ያኔ ልቤ ተሰበረ።»

አበጋዝ ቃሉን በሆዱ ደገመው። የምትሸሸው ሙሔን አይደለም፤ የሙሔን አባት ነው። ጥሩ አነጋገር ነው፤ እሱ ራሱ ሊለው የሚችለው ዓይነት። ቆሞ ልቡን ጠበቀ። ምንም አልሆነም። ሙሔ ያው ሙሔ ነው፣ ስድቡም ያው ስድብ።

«አምስተኛውን ላናግረው።»

«ጉዳዩ ስላለቀ ተዘግቷል። የተዘጋ እንደማይከፈት ታውቃለህ። አሁን ብትጫነው የሚመጣው ሌላ ነው፤ ስለ ሐሙስ የሚያውቀው ነገር የለም።»

«እንደ እኔ» አለ አበጋዝ።

«እንደ አንተ» አለ ሰባተኛው።

በማግስቱ አንድም መስኮት ሳይከፍት ወደ ማዕከሉ ሄደ። አስተናጋጇ ሰሚራ የምትባል ወጣት ናት። በአንደኛው የመስተንግዶ ጠረጴዛ በመስኮት ሰሚራ ነበረች፣ በሁለተኛውም ሰሚራ፤ ሥጋ ለባሿ በሦስተኛው ናት። የእሷ ሰልፍ ረጅም ነው። አበጋዝ አርባ ደቂቃ ቆመ።

«የሐሙሱን ስምምነት መሻር ይቻላል አባቴ» አለችው ጉዳዩን ሰምታ። «የመሻሪያው ሰባት ቀን የሚሞላው ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ምክንያቱን ብቻ ይጻፉ።»

«እኔ አልነበርኩም ብዬ እጽፋለሁ።»

የሰሚራ እጅ ቆመ። «እሱን ባይጽፉት ይሻላል።»

«እውነቱ እሱ ነው።»

«አውራ ጣትዎ አለበት። እኔ አልነበርኩም ካሉ በዚያው መንገድ የተፈጸመው እርቅ ሁሉ እንደገና ይከፈታል። አንዱን እኔ አይደለሁም፣ ሌላውን እኔ ነኝ ማለት አይቻልም።» ዝርዝሩን አዞረችለት። ባለፈው ዓመት ብቻ ሁለት መቶ አሥራ አራት እርቅ።

አበጋዝ ስሞቹን አነበበ። ጥቂቶቹን ያስታውሳል፤ ብዙዎቹን ገና ዛሬ ያያቸው ያህል ነው። የወፍጮ ቤቱ ባልና ሚስት አሉበት። ሊፋቱ ደርሰው ታረቁና ሴት ልጅ ወለዱ፤ ልጅቷን በአበጋዝ እናት ስም ጠሯት። ስሟን ሲያወጡ ተጠርቶ መርቋል። በየትኛው መስኮት እንዳስታረቃቸው ግን አያውቅም።

«እነዚህን ያስታረቀ ማን ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«እርስዎ ነዎታ።»

«እርግጠኛ ነሽ ልጄ?»

ሰሚራ ወደ ጎን፣ ወደ ራሷ፣ አየች። በሁለተኛው ያለችው ሰሚራ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ትሳሳቃለች። «ስለ ራሴም እንዲህ አስቤው አላውቅም» አለች። «ቅጹን ልስጥዎት ወይስ ያስቡበት?»

ቅጹን ተቀብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ባቡር ጣቢያ ሄደ። የሉባባ የምሳ ሰዓት ነበር። መጋዘኑ ጥላ ሥር ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ሥራ ቦታዬ በእግርህ መጥተህ አታውቅም» አለችው።

«ኑርዬን ትወጂዋለሽ?»

«ሐሙስ ጠይቀኸኝ ነግሬህ የለ?»

«አሁንም ልስማው።»

«እወደዋለሁ» አለች። ከዚያ ፊቱን ልብ ብላ አየችው። «አባ፣ የሐሙሱን አታስታውሰውም?»

ሊዋሽ ከጅሎት ነበር። «አላስታውሰውም። እኔ አልነበርኩም።»

ሉባባ የያዘችውን ዳቦ መልሳ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች። «አራት ዓመት ፈርቼህ ደበቅኩ» አለች። «ሐሙስ ከሥራ ስገባ ጠርተህ አስቀመጥከኝ። ልጄ፣ በኔ ጥፋት አንቺ አትቀጪም አልከኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ የሚለኝ አባት ስጠብቅ ነው የኖርኩት። አሁን የለም ልትለኝ ነው?»

«የለም አላልኩም።»

«ታዲያ ምን እያልክ ነው?»

ከጂቡቲ በኩል የመጣ የጭነት ባቡር ገባ፤ ጩኸቱ ንግግራቸውን አቋረጠው። ረጅም ባቡር ነበር።

«ግራ ገብቶኛል» አላት ባቡሩ ሲያልፍ። ለልጁ እንዲህ ብሏት አያውቅም።

«አንተ እስኪገባህ እኔ ልጠብቅ ነው?» አለች። ድምፅዋ የቁጣ ሳይሆን የድካም ነበር። «ወይስ የግድግዳውን ልጠይቀው?»

ቤት ሲመለስ ዘይነባ ጎረቤት ሄዳለች። ወንበር ስቦ ግድግዳው ፊት ተቀመጠ።

«ሰይድ አልጋው ላይ ሆኖ ምን እንዳለን ታውቃለህ?» አለው ሰባተኛውን።

«አንተ የምታውቀውን አውቃለሁ።»

«በል ንገረኝ።»

«የመንገዱ ለሙሔ ይሁን አለ። እጃችንን ይዞ ሁለት ጊዜ ደገመው።»

ይህን በሕይወት ካሉ ሰዎች የሚያውቅ አበጋዝ ብቻ ነበር። እብሬ የልጅነት ጓደኛው ነው። ያኔ ሱቅ ሊከፍት ፈልጎ በመንገዱ በኩል ያለውን ቤት ዓይኑን ጥሎበት ነበር። አበጋዝ ከዚያ በኋላ፣ በደንብ አልሰማሁት ይሆናል፤ ሕመምተኛ ሲናገር አይለይም እያለ ኖረ። ሰው ለራሱ አሥራ ስምንት ዓመት የነገረውን መጠራጠር ያቅተዋል። አሁን ግን በገዛ ድምፁ፣ ከፊት ለፊቱ ሰማው።

«ታዲያ ለምን ተሳስቼ ነበር አልክ? አልተሳሳትንም'ኮ።»

«እኔ ሁሉንም ልናገር ነበር። ሽማግሌው ነው ሰዎቹን አስወጥቶ፣ ተሳስቼ ነበር በል፤ ለእርቅ ይበቃል ያለኝ።»

«ሽማግሌው እኔ ነኝ።»

«አዎ።»

«አንተም እኔ ነህ።»

«አዎ።»

«ሁለታችሁ ተመካክራችሁ ዋሻችሁልኝ።»

«አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» አለ ሰባተኛው። ለመከራከር አልነበረም፤ ማወቅ የፈለገ ይመስል ነበር።

አበጋዝ ተነሥቶ ጫማውን አደረገ።

ሙሔ ከዓመታት በፊት ጓሮውን ሸጦ ላይኛው ሰፈር ቤት ሠርቷል። አበጋዝ ዳገቱን በእግሩ ወጣው። ሙሔ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ የውኃ ፓምፕ ይፈታ ነበር። ሲያየው ፊቱ በራ።

«ዘመዴ፣ ግባ እንጂ።»

አበጋዝ ከደጃፉ ውጭ ቆሞ ቀረ። «ቆሜ ልናገር» አለ።

«ተነጋግረን ጨርሰን የለ?»

«እኔ አልተናገርኩም።»

በሥራው ቃል አጥሮት አያውቅም። አሁን ግን መጀመሪያ ጊዜ ከሽማግሌ ፊት እንደቀረበ ሰው ተንተባተበ። «አባትህ የመንገዱን ለሙሔ ነው ያለው» አለ። «ለአንተ። ሁለት ጊዜ ነው ያለው። ሰምቼዋለሁ። አልተሳሳትኩም፤ አውቄ ነው።»

ሙሔ መፍቻውን እንደያዘ ቀና አለ።

«ሐሙስ ተሳሳትኩ ነው ያልከው።»

«ሐሙስ እንዲያ ተብሏል። እኔ የምልህ ይህን ነው።»

«ያኛው ያለው ይበቃኝ ነበር» አለ ሙሔ። «የተሳሳተን ሰው ይቅር ይሉታል። አውቄ ነው ያለን ሰው ምን ያደርጉታል?»

«አላውቅም።»

«አንተ'ኮ ሽማግሌ ነህ።»

«አላውቅም፣ ሙሔ።»

ሙሔ ተነሣ። መፍቻው እጁ ላይ ነው። አበጋዝ ሊመታው መሰለውና አልሸሸም። ሙሔ ግን እስከ በሩ መጥቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ዘጋው።

ያን ዕለት አበጋዝ ለሚስቱም ለልጁም ሁሉንም ነገራቸው። ዘይነባ ሰይድን በሕይወት እያለ እንደ አባት ታየው ነበር፤ ተነሥታ ወደ በረንዳው ወጣች። ሉባባ አላለቀሰችም። ከነበረችበት ተነሥታ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች፤ ለግድግዳው ግን ጀርባዋን አልሰጠችም። ትንሽ ቆይታ «እሱን እንዳትዘጋው» አለችው። አበጋዝ አልዘጋውም።

ሐሙስ ጠዋት ዘይነባ ሻርፗን ለብሳ ወጣች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ሙሔ ቤት። ሽማግሌ እንዳልልክ በዚህ ከተማ ሽማግሌ ማለት አንተ ነህ።»

አበጋዝ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ኪሱ ውስጥ ያለውን ቅጽ አውጥቶ አየው፤ የምክንያቱ ቦታ ባዶ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ እስክሪብቶ አሳረፈበት። ስድስት ሰዓት ሲሆን የመሻሪያው ጊዜ አለፈ። ቅጹን አጣጥፎ ወንበሩ ሥር አደረገው።

ዘይነባ ስድስት ተኩል ላይ ላብ አጥምቋት ዳገቱን ወርዳ መጣች። ሻርፗን አውልቃ ተቀመጠች።

«ሠርጉ አይቀርም» አለች። «ልጆቹ ምን አደረጉ ብሏል። ኑርዬም አባቱ ፊት ቆሞ ይህንኑ ተናገረ።»

«አልሐምዱሊላህ።»

«አንተን ግን እንቢ አለ። ሠርጉ ላይ ትመጣለህ፣ ትቀመጣለህ፤ እሱ አያናግርህም። መቼ እንደሚያናግርህም አላውቅም ነው የሚለው። ዓመትም ሊሆን ይችላል አለ።»

«ተቆጥቷል?»

«በጣም።»

«በማን?»

«በማን ነው ትላለህ እንዴ? በአንተ ነዋ።»

«በግድግዳው ወይስ...»

«በግድግዳው አይደለም» አለች ዘይነባ። «እሱንማ ያ ደግ ሰው እያለ ነው የሚጠራው። በአንተ ነው። ደጁ ድረስ ሄደህ በተናገርከው፣ እዚህ በተቀመጥከው።»

አበጋዝ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማት። ደጋግሞ ራሱን ነቀነቀ። ከማክሰኞ ወዲህ እህል በወጉ እንዳልቀመሰ ያኔ ታወቀው።

«ምሳ አለ?» አላት።

ዘይነባ ግራ ገብቷት አየችው። ፊቱ ሰው የተቀየመው ሰው ፊት አይመስልም ነበር።